ሁለት ሣጥን ለመመዘን እስከ ዳባት

የክበባችን ልጆች፤ ለትምህርት ወደ ጎንደር ስነሣ «ያየሽውን ሁሉ ጽፈሽ ላኪልን፣ እኛ መቼም እዚያ አንደርስም» ብላችሁኝ ነበር። ስለ ነገሥታቱ ግንብ ትጽፍልናለች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ግንቡን በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍኩ ለምጄዋለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የዘር ድንች መጋዘንና እዚያ ስለተሰቀሉ ሁለት ሣጥኖች ነው። ደርሼ ከተመለስኩ ሳምንት አልሞላኝም፤ የእግሬ ቁስልም ገና አልዳነም።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳችሁ። ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ድሬዳዋ ድረስ መመለሱ ረዘመብኝና፣ ፒያሳ ከአንድ ልብስ ሰፊ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ዘንድ ለልምምድ ገባሁ። ሠራተኞቹ አራት ናቸው። የሚሠሩት በዘር ድንች መጋዘን ውስጥ ተሰቅሎ ሙቀትና እርጥበት እየለካ፣ ድንቹ ሊበላሽ ሲል ለገበሬዎቹ ማኅበር የስልክ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ነው። የዘር ድንች በሰበሰ ማለት በሚቀጥለው ክረምት ማሳው ጦም አደረ ማለት ስለሆነ ቀላል ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመመረቱ በፊት ድርጅቱ ፕሮግራሙ በምን ላይ እንደሚቆም መወሰን አለበት። ይህን ፕላትፎርም ይሉታል፤ ቺፑና በቺፑ ላይ የሚሠራው መሠረታዊ ሶፍትዌር አንድ ላይ ማለት ነው። የቤት መሠረት በሉት። የግድግዳ ቀለም ቢያስጠላችሁ ትቀይራላችሁ፤ መሠረቱን ግን ቤቱን ሳታፈርሱ አትቀይሩትም። የድርጅቱ ኃላፊ ኢንጂነር ሰብለ «ፕላትፎርም መምረጥ ትዳር ነው፤ ጠባዩን ካገባሽ በኋላ አታጠኚም» ይላሉ።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንዱን «ትልቁ» እንለዋለን፤ ተዘጋጅቶ ከውጭ አገር የሚመጣ፣ ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት የተጫነበት ሰሌዳ ነው። ሁሉ ነገር አለው፤ የትኛውም ተመራቂ ያውቀዋል፤ ግን ኃይል በላተኛ ስለሆነ የራሱ የፀሐይ ፓነል ይፈልጋል። ሌላው «ትንሹ» ነው፤ ጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ የሚሠራ ቀጭን ሥርዓት። እሱን ማስረሻ የሚባለው ባለሙያ ስምንት ወር ሙሉ ሲጽፍና ሲያርም ከርሟል። በጥቂት የባትሪ ድንጋይ አንድ የድንች ወቅት ይዘልቃል። ኢንጂነር ሰብለ ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ጥያቄዎቻቸውን ጽፈዋል፤ ቺፑ ከዓመታት በኋላም ገበያ ላይ ይገኛል ወይ፣ ማስረሻ ቢታመም ኮዱን ሌላ ሰው ያነበዋል ወይ፣ አምራቹ ቢዘጋ እኛም እንዘጋለን ወይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት፦ «ይታመናል ወይ?»

ይህን ለማየት ሁለቱንም ሣጥኖች በኅዳር ወር ከዳባት ወዲያ ባለ አንድ መንደር መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ሰቀሏቸው። ትልቁ አንድም ቀን ዝም አላለም። ትንሹ ግን በተለያዩ ስምንት ቀናት ድምፁን አጠፋ። ቀኑን ሙሉ ዝም ይልና በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ መናገር ይጀምራል። ማስረሻ ስህተቱን ኮዱ ውስጥ ሲበረብር ሰነበተ፤ አላገኘውም። የቺፕ ትእዛዙ ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መላክ ነበረበት። ስለዚህ ሰኞ እሱና እኔ ሣጥኖቹን አይተን የመጨረሻውን ሪፖርት እንድንልክ ታዘዝን። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ለአንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይህ ምን ያህል ክብር እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ።

*ሰኞ*

መናኸሪያ ስንገናኝ «ጋሼ ማስረሻ፣ ቦርሳዎን ልያዝልዎት?» አልኩት።

«መጀመሪያ ጋሼውን ተይው፤ ሠላሳ እንኳን አልሞላኝም። ቦርሳውንም ተይው፤ ከአንቺ ይከብዳል» አለኝና እግሬን አየ። «በዚህ ነጠላ ጫማ ነው የምትሄጂው?»

«ድሬ ላይ ሠርግም በዚህ ይኬዳል።»

«ሠርግ አይደለም የምንሄደው።»

አንተ እንድለው አዘዘኝ። አፌ እንቢ ስላለኝ አንተም አንቱም ሳልል፣ ስሙንም ሳልጠራ ብዙ መንገድ ተጓዝኩ። ወለቃ ላይ አንዲት እናት ትልቅ የሸክላ ድስት ገዝተው ገቡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ አንች ረጋ ያልሽ ትመስያለሽ። እንዳትነቃነቂ» አሉኝ። ሚኒባሱ በየጠመዝማዛው ሲወዛወዝ እኔ ትንፋሼን ይዤ ድስት ታቅፌ ወጣሁ። ድሬ ላይ መኪና ሲቆም በመስኮት የሚገባው ሳምቡሳና መንደሪን ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ገባ። ሴትዮዋ ወርደው ሲሄዱ ከጉንጉኑ ሁለት ራስ ፈልቅቀው «ላልተሰበረው ድስት» ብለው ሰጡኝ።

ዳባት ስንደርስ ፀሐይ ነበረች፣ ሙቀቷ ግን የለም። እኛ አገር ሰው ፀሐይን ይሸሻል፤ እዚህ ወንበሩን እያዛወረ ይከተላታል። ያደርንበት ፔንሲዮን ባለቤት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አይተው ሁለተኛ ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። ፍል ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተውም «ይህን እቀፊ» አሉኝ።

ከእራት በፊት፣ ሣጥኖቹን ገና ሳላይ፣ ከመጡልን መልእክቶች ብቻ ተነሥቼ ሪፖርቱን አስቀድሜ ጽፌ ለኢንጂነር ሰብለ ላክሁ። ሰንጠረዡ እንዲያምር ብዬ ወሩንና ቀኑን ትቼ የሙከራውን ቀናት ከአንድ ጀምሬ ቁጥር ሰጠኋቸው። ትንሹ ሣጥን የወደቀባቸው ቀናት፦ 8፣ 17፣ 45፣ 55፣ 67፣ 68፣ 77፣ 102። መልሳቸው ወዲያው መጣ፦ «ጎበዝ! ግልጽ ነው። በዚህ እወስናለሁ።»

በደስታ ስልኩን ለማስረሻ ዘረጋሁለት። አነበበው። «ሸጋ አድርገሽ ጽፈሽዋል» አለኝና ሽሮውን ሳይጨርስ ተነሣ። ምን እንዳሳየሁት የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው። ስምንት ወር የደከመበት ሥራ በእኔ ሰንጠረዥ አብቅቶ ነበር።

*ማክሰኞ*

ከዳባት እስከ መንደሩ በእግር ሁለት ሰዓት ይሄዳል ተብዬ ነበር። የአገሬው ሰው ሁለት ሰዓት ነው እንጂ የእኔ አራት ሆነ። ከግማሽ መንገድ በኋላ የጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። ገብስ የጫነ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ቆመው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ይህን ምን ነው ብለው ሸጡልሽ?»

«ጫማ ነው ብለው ነው፣ አያ።»

«ዋሽተውሻል» አሉና ከጭነቱ ገመድ ጫፍ ቆርጠው አሰሩልኝ። እንዲመቸኝ ብለው አህያዋን ቀስ አድርገው እየነዱ እስከ መንደሩ መግቢያ አብረውን ሄዱ።

ያረፍነው የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ አያ ደሴ ቤት ነው። እሳቸው ገበያ ሄደው ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ እማዋይሽ ተቀበሉን። አንድ ቃል ሳይጠይቁ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አቀረቡና እግሬን ያጥቡኝ ጀመር። እናቴ እንኳን ካደግሁ ወዲህ እግሬን አጥባኝ አታውቅም፤ ኀፍረት ገደለኝ። ስሜን ሲጠይቁኝ «ሰሚራ» አልኩ። እጃቸውን ለአፍታ ገቱ።

«እስላም ነሽ?»

«አዎ።»

«እንኳን በጾማችን መጣሽ!» አሉ በእፎይታ። «ሥጋውን ማን ባርኮ አረደው የሚባል ነገር የለ፤ ሁላችን አንድ ገበታ።» የገብስ እንጀራ በድንች ወጥና በተልባ አቀረቡ፤ ለመጠጥም በጠላ ፈንታ ለእኔ ብቻ በሶ በማር በጠበጡልኝ። ድሬ ላይ ድንች የሳምቡሳ ሆድ መሙያ ነው። እዚህ ስለ ድንች ሲያወሩ ስለ ዘመድ የሚያወሩ ይመስላል፤ ይህኛው ዘር ተጫዋች ነው፣ ያኛው ብርድ አይችልም፣ የእንትና ማሳ ኩሩ ነው ይላሉ።

ማስረሻ በላ፣ አመሰገነ፣ ብዙም አልተጫወተም።

*ረቡዕ*

መጋዘኑ ከእንጨት አጣና የተሠራ፣ ብርሃን በየቀዳዳው የሚገባበት፣ ድንቹ በመደርደሪያ ላይ እንደ ዕንቁላል የተደረደረበት ነው። አያ ደሴ ቁልፉን በአንገታቸው አንጠልጥለው ከፊታችን ገቡ። ሁለቱ ሣጥኖች ምሰሶው ላይ አሉ፤ ትልቁ በቁልፍ የተዘጋ ብረት ውስጥ፣ ትንሹ የሳሙና ማስቀመጫ በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ፣ በጎኑ ጥቁር ማጥፊያ ያለው። ማስረሻ መፍቻውን አወጣ። እኔ ደብተሬን ከፍቼ፣ ለሪፖርቱ ይሞላልኛል ብዬ ብቻ ጠየቅሁ።

«አያ ደሴ፣ ትንሹ ሣጥን ዝም ሲል አይተው ያውቃሉ?»

«ምነው አላውቅ? እኔ አይደለሁ የማጠፋው!»

የማስረሻ መፍቻ ድንቹ መሐል ወደቀ።

«እርስዎ? ምነው ያጠፉታል?»

«ምነው አላጠፋው? ንግሥ ነው! አገር ምድሩ ነጭ ለብሶ ታቦት ሲያጅብ እሱ እዚህ ተቆልፎበት ሲሠራ ይዋል? ሎሌም እኮ ለዓመት በዓል ይለቀቃል።»

«እሑድስ?» አለ ማስረሻ፣ ድምፁ እየቀጠነ።

«እሑድማ ከቅዳሴ መልስ እኔም እመጣለሁ፤ አብረን እንቀመጣለን። የንግሥ ዕለት ነው ብቻውን የሚቀር። በማግስቱ ማለዳ መልሼ አበራዋለሁ።»

«ትልቁንስ?»

«እሱ ማጥፊያ የለውም። ጆንያ አለብሰዋለሁ።»

ማስረሻ ባዶ ኩንታል ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ደብተሬን ወደ ኋላ ገልጬ ቁጥሮቹን መልሼ ቀን አደረግኋቸው። 8፣ ኅዳር ሚካኤል። 17፣ ጽዮን። 45፣ የታኅሣሥ ገብርኤል። 55፣ ልደት። 67 እና 68፣ ጥምቀትና ማግስቱ። 77፣ አስተርእዮ ማርያም። 102፣ ኪዳነ ምሕረት። ቀኖቹን ባላጠፋ ኖሮ የጎንደር ልጅ የሆነ ሰው ሁሉ ገና ሲያየው ይገባው ነበር። እኔ ቀናቱን እንዲያምሩ ብዬ ቁጥር አለበስኳቸው። አያ ደሴ ትልቁን ሣጥን ጆንያ እንዳለበሱት።

ከመጋዘኑ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ጥሪ ይቆራረጣል፣ መልእክት ግን ያልፋል። ማስረሻ ለኢንጂነር ሰብለ ጻፈ። መልሱ መጣ፦ «ይህ ልብህ ነው ወይስ ቁጥር? ሥራው ያንተ ስለሆነ አንተን አልሰማም። ሰሚራ ትጻፈው። እስከ ነገ እጠብቃለሁ።»

በዚህ መሐል ሌላ ችግር መጣ። ማስረሻ «አያ ደሴ፣ ከእንግዲህ እንዳያጠፉት፤ ድንች በበዓልም ይበሰብሳል» ሲላቸው ፊታቸው ተቀየረ።

«በዓል ሽሬ ድንች ባተርፍ ምን ይጠቅመኛል? አላደርገውም።»

«አያጥፉት፣ ራሱ በንግሥ ቀን እንዲተኛ አድርጌ እጽፈዋለሁ» አለ ማስረሻ። ድንቹን የረሳ መሰለኝ።

«ያኔማ ድንቹን ማን ሊያይልህ ነው?» አሉት። ልክ ነበሩ። ክርክሩ ስላልተፈታ ሦስታችንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ቄሰ ገበዙ ከቅጥሩ ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ማስረሻ ይዞት የመጣውን ትንሹን ሣጥን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ጠየቁ፦

«ያርሳል?»

«አያርስም፣ አባ።»

«ይፈጫል? ይቆርጣል?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

ማስረሻ ስለ እርጥበት መለኪያው ጀመረ፤ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በኋላ ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «ድንቹን ያያል፤ ክፉ ነገር ሲመጣ ይጣራል» አልኩ።

ሣጥኑን ለማስረሻ መለሱለት። «ከብት በንግሥም ይጠበቃል፤ ጅብ በዓል አያከብርም። ይህም ጠባቂ ነው። ይጠብቅ» አሉ። ቀጥለውም አያ ደሴን በጣታቸው እያመለከቱ፦ «ግን የጠባቂ የበዓል ድርሻ አይቀርም። ታቦቱን አስገብተህ ስትመለስ ግባና እየው፤ ብቻውን እንዳይውል።»

«ይህማ ሸጋ ነው!» አሉ አያ ደሴ። አብረን ወደ መጋዘኑ ተመለስን።

የቀረው ቁጥሩ ነበር፤ ሰው አጥፍቶ ሲያበራቸው የትኛው በደህና ይነሣል የሚለው። ማስረሻን «አትንካ፣ ከበሩ ላይ ቁም» አልኩት። ሳላስበው አንተ አልኩት። ሁለቱንም ሣጥኖች ተራ በተራ አሥር አሥር ጊዜ አጥፍተን ልናስነሣ ጀመርን፤ ትንሹን የሚያጠፉት አያ ደሴ ነበሩ፣ እጃቸው ስለለመደ፤ የትልቁን ሽቦ የምነቅለው እኔ። ትንሹ ሦስት ሳልቆጥር ይነሣል። ትልቁ ግን የጠዋት እንቅልፍ የሚወድ ልጅ ይመስል እየተንጠራራ ነበር የሚነሣው። በስድስተኛው ሥርዓቱ የተጫነበትን ሜሞሪ ካርድ ማንበብ አቃተውና ሳይነሣ ቀረ።

«ምነው፣ ሞተ?» አሉ አያ ደሴ፣ ደንግጠው።

«ተኝቷል።»

«ይህማ ሲያንቀላፋ የማይነሣ ነው! እኔስ እንኳን ማጥፊያ አልሰጣችሁኝ።»

ጉብታው ላይ ተቀምጬ ሁለተኛውን ሪፖርት ጻፍኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ «ጎበዝ» ላሉኝ ሰው «የላክሁት ተሳስቷል፤ ጥፋቱም የእኔ ሰንጠረዥ ነው» ብሎ መጻፍ ከዳባት መንገድ ይከብዳል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁ። የትልቁ ችግር፣ ኃይሉ በድንገት እንዳይቋረጥ ተጨማሪ ባትሪ ቢገባለት እንደሚቃለል ጻፍኩ። ትንሹም ተነሥቶ ሲሠራ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ እንደማያስታውስ ጻፍኩ።

ማስረሻ በትከሻዬ በኩል አነበበ። «ይህንንም መጻፍ አለብሽ?»

«አለብኝ።»

ራሱን አከከ። «አለብሽ። ጻፊው።»

*ሐሙስ*

ሌሊቱን መልስ አልመጣም። እትዬ እማዋይሽ ሳንነቃ የልጃቸውን ኮንጎ ጫማ ደጃፉ ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር፤ በገመድ የታሰረውን የእኔን ጫማ ደግሞ ወስደው የት እንደጣሉት አልነገሩኝም። አንድ ከረጢት የገብስ ቆሎም «ለናትሽ» ብለው ሰጡኝ። በኮንጎው የመልሱን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል ሄድኩት። ማስረሻ በየመቶ እርምጃው ስልኩን ያያል፤ ዳባት ላይም የለም፣ ሚኒባሱ ሲነሣም የለም።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ስልኩ ጮኸ። የማስረሻ ስልክ የጆሮ ድምፁ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚሰማው በትልቁ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሚኒባሱ ሙሉ ከእኛ ጋር ሰማ።

«ሰሚራ አለች?» አሉ ኢንጂነር ሰብለ።

«አለሁ።»

«ስምንት ጊዜ ወደቀ ብለሽ የጻፍሽልኝ፣ ሰው አጥፍቶት ስምንት ጊዜ በደህና ተነሣ ማለት ነው?»

«አዎ። እኔ የቆጠርኩት መውደቁን ነበር፤ መነሣቱን ማናችንም አልቆጠርንም።»

ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ እንኳን አንገቱን አዙሮ ይጠብቅ ነበር።

«እኔም ሰው የማይነካው መሣሪያ ስመርጥ ነበር የከረምኩት» አሉ ኢንጂነር ሰብለ። «ሰውማ ይነካዋል። ማስረሻ፣ ሰዓቱን የሚያስታውስበት ትንሽ ባትሪ ጨምርለት፤ ይህን ደግሞ ሳይነገርህ ማሰብ ነበረብህ። ትእዛዙን አሁን ልኬ ነው የደወልኩት። ትንሹን።»

ማስረሻ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «እንደገና ይበሉልኝ» አለ።

«ትንሹን አዝዣለሁ፣ ጆሮህም ተበላሸ እንዴ?»

ፊቱ ምን እንደሆነ ልገልጽላችሁ አልችልም። ከኋላችን የተቀመጡት አሮጊት ግን አዩትና ሚኒባሱ እስኪንቀጠቀጥ እልል አሉ። ሁለት ሴቶች ተቀበሏቸው። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ምን እንደሆነ ሳያውቁ ነው እልል የሚሉት?»

«ምነው፣ የሰው ፊት እንዲህ ሲበራ አይቼ ምክንያቱን እስኪያስረዱኝ ልጠብቅ?» አሉና የማስረሻን ትከሻ መታ አደረጉት። «በል አሁን ንገረኝ፤ ምን ተገኘ?»

ማስረሻ ወደ ኋላ ዞሮ በሁለት ጉልበቱ ወንበሩ ላይ ተንበረከከና «እማማ፣ ፕላትፎርም ማለት…» ብሎ ጀመረ። ወለቃ ስንደርስ ገና ባትሪው ላይ ነበር።